ጠጅ መብላላቱን መጨረሱን ማወቂያ፤ ወደ ጠርሙስ ከመገልበጡ በፊት የሚደረግ ምርመራ

መግቢያ

ማር አምራች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማራቸውን በጥሬው ከመሸጥ አልፈው ጠጅ ጥለው በጠርሙስ ለገበያ ማቅረብ ሲጀምሩ ከዚህ በፊት በቤት ውስጥ ያልነበረ ችግር ይገጥማቸዋል። ይኸውም የጠርሙስ መፈንዳት ነው። በጋን ተቀምጦ በብርሌ የሚቀዳ ጠጅ ጋዙን እንደ ልቡ ስለሚያወጣ ጉዳት አያስከትልም። በቆርኪ የታሸገ ጠርሙስ ግን መተንፈሻ የለውም። ውስጡ ያለው ጠጅ መብላላቱን ካልጨረሰ ጋዙ እየተጠራቀመ ሄዶ ጠርሙሱን ይሰብረዋል። የሚጠፋው ማርና ጠርሙስ ብቻ አይደለም፤ የመስታወቱ ስብርባሪ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት ደንበኛ ደግሞ ወደ ማኅበሩ ተመልሶ አይመጣም።

ባለሙያ እናቶቻችን ጠጅ መቼ እንደሚደርስ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ነገር ግን እነርሱ «ደረሰ» የሚሉት ለመጠጥ መድረሱን ነው። ለጠርሙስ መድረስ ሌላ ነገር ነው። ለመጠጥ የደረሰ ጠጅ ሁሉ ለጠርሙስ አልደረሰም። ይህ ጽሑፍ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የማኅበራት የምርት ኃላፊዎች ሁለቱን እንዲለዩ የሚረዳ ሲሆን፣ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎችም በቀላሉ የሚገኙ ናቸው።

1. ጠጅ ሲብላላ ምን ይሆናል?

ማር ከመቶ ሰማንያ እጅ ያህሉ ስኳር ነው። ማሩ በውሃ ሲበረዝ በውስጡ ያለው እርሾ ሥራውን ይጀምራል። እርሾ በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር ሲሆን፣ ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይለውጠዋል። ከስኳሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ አልኮል፣ ግማሽ ያህሉ ጋዝ ይሆናል። በጋኑ ላይ የምናየው አረፋና የምንሰማው ድምፅ ከዚህ ጋዝ የመጣ ነው።

የጋዙን ብዛት ለመገመት የሚከተለውን ማስታወስ ይበቃል። በአንድ ሊትር ጠጅ ውስጥ የቀረ 4 ግራም ስኳር፣ ማለትም አንድ ልክ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ሲብላላ አንድ ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። የፋብሪካ ቢራ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚይዘው ጋዝ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ነው። የቢራ ጠርሙስም የተሠራው ይህንን በጥቂት ትርፍ እንዲችል ነው። እንግዲህ በአንድ ሊትር ጠጅ ውስጥ 40 ግራም ስኳር ሳይብላላ ቀርቶ በጠርሙስ ውስጥ ቢብላላ አሥር ሊትር ጋዝ ይወጣል። ይህንን የሚችል የቢራ ጠርሙስ የለም። የወይን ጠጅ ጠርሙስ ደግሞ ጋዝ ለሌለው መጠጥ የተሠራ ስለሆነ ከዚህም ባነሰ ይሰበራል።

2. የጋኑ ምልክቶች የሚነግሩንና የማይነግሩን

በየቤቱ የሚታወቁት ምልክቶች ጠቃሚዎች ናቸው። ሆኖም እያንዳንዳቸው ሊያሳስቱ የሚችሉበት መንገድ ስላለ መታወቅ አለበት።

ሀ) የድምፅና የአረፋ ጋብ ማለት። ጆሮ ወደ ጋኑ ሲጠጋ የነበረው ድምፅ ጠፍቶ አረፋው ሲወርድ መብላላቱ መቀዝቀዙን ያሳያል። ነገር ግን አንድ ሳምንት ብርድ ቢሆን እርሾው ሥራውን ስለሚያቀዘቅዝ ድምፁ ይጠፋል፤ ስኳሩ ግን አልተነካም። በተቃራኒው መብላላቱን የጨረሰ ጠጅ ቀን ሲሞቅ ወይም ጋኑ ሲነካ ቀድሞ በውስጡ የነበረውን ጋዝ እየለቀቀ አረፋ ሊያሳይ ይችላል።

ለ) የክብሪት ፈተና። በጋኑ አፍ ላይ የተያዘ ክብሪት ቢጠፋ ጋዝ መኖሩን ያሳያል። ይሁን እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር የከበደ ስለሆነ መብላላቱ ካቆመም በኋላ ባልተነቃነቀ ጋን ውስጥ ተኝቶ ይቆያል።

ሐ) መጥራት። አምቡላው ወደ ታች ሲወርድ ጠጁ ይጠራል። ብርድ ግን መብላላት ያልጨረሰውንም ጠጅ ሊያጠራው ይችላል። የጠራ ጠጅ ውስጥም በዓይን የማይታይ እርሾ አለ።

መ) ጣዕም። ጣፋጭነቱ ቀንሶ አልኮሉ መሰማት ሲጀምር ጠጁ ደርሷል ይባላል። ምላስ ግን በአንድ ሊትር ውስጥ የ10 ወይም የ20 ግራም ስኳር ልዩነትን በትክክል አይለይም። ከላይ እንዳየነው ደግሞ ጠርሙስ የሚሰብረው ይህ ልዩነት ነው።

ሠ) የቀን ብዛት። ጠጅ እንደ አካባቢው ሙቀት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ለመጠጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቀን መቁጠር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በአጭሩ እነዚህ ምልክቶች የሚነግሩን መለኪያ የምናነሣበት ጊዜ መድረሱን ነው። ወደ ጠርሙስ ለመገልበጥ ግን አይበቁም።

3. በሃይድሮሜትር መለካት

ሃይድሮሜትር በፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፍ፣ በላዩ ቁጥር የተጻፈበት የመስታወት መለኪያ ነው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ 1.000 ያሳያል። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ከውሃ ስለሚከብድ መለኪያው ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ስኳሩ እየተበላ ወደ አልኮል ሲለወጥ ፈሳሹ እየቀለለ ስለሚሄድ መለኪያው እየሰመጠ ቁጥሩ ይቀንሳል። ከ1.030 ወደ 1.029 መውረዱን «አንድ ነጥብ ወረደ» እንላለን። አንድ ነጥብ ሲወርድ በአንድ ሊትር ውስጥ 2 ግራም ያህል ስኳር ተብላልቷል ማለት ነው።

አለካኩ እንደሚከተለው ነው፤

- ከጋኑ ወይም ከበርሜሉ መካከል በንጹሕ ዕቃ ናሙና ይቀዳ።
- ናሙናው ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው አሥር ጊዜ ያህል እየተገለበጠ ጋዙ ይውጣ። ጋዝ ካለ አረፋው መለኪያው ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ቁጥሩም ይሳሳታል።
- የናሙናው ሙቀት በመለኪያው ላይ ወደተጻፈው ይድረስ። አብዛኛውን ጊዜ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት፣ ይለካ።
- መለኪያው ረጅምና ቀጭን በሆነ ዕቃ ውስጥ ይግባ፤ ግድግዳውን እንዳይነካ በጣት ይሽከርከር። ቁጥሩ ዓይንን ከፈሳሹ ወለል ጋር አስተካክሎ ይነበብ።
- የተለካው ናሙና ወደ ጋኑ አይመለስ።

መለኪያው በመጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ተፈትኖ 1.000 ካላሳየ ልዩነቱ በመዝገብ ይያዝና በየጊዜው ይታሰብ።

4. ሃይድሮሜትር ከሌለ

እስከ አንድ ግራም የሚለይ ሚዛን ያለው ማኅበር ያለ ሃይድሮሜትር መሥራት ይችላል። አንገቱ ቀጭን የሆነ አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ተመርጦ አንገቱ ላይ ምልክት ይደረግበት። ባዶው ይመዘን። ቀጥሎ እስከ ምልክቱ ውሃ ተሞልቶ ይመዘን። ከዚያም ጋዙ የወጣለት ጠጅ እስከዚያው ምልክት ተሞልቶ ይመዘን። የጠርሙሱ ክብደት ከተቀነሰ በኋላ የጠጁ ክብደት ለውሃው ክብደት ይካፈል። ለምሳሌ ውሃው 1000 ግራም፣ ጠጁ 1028 ግራም ቢመዝኑ ውጤቱ 1.028 ይሆናል። ጠርሙሱ፣ ምልክቱና ሚዛኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው።

5. የምስክር ጠርሙስ

ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም ሁለተኛ ፈተና ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው ባዶ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። በንጽሕና ከታጠበ በኋላ ጋዙ የወጣለት ጠጅ አራት ጣት ጎድሎ ይሞላበት። ከሥር ጥቂት አምቡላ ቢጨመርበት ፈተናው ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል። ከዚያም አየሩ እስኪወጣ ጠርሙሱ በእጅ ተጨምቆ፣ እንደ ተጨማደደ ይከደን። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ባለው ቦታ፣ ለምሳሌ ከምድጃ አጠገብ፣ ግን እሳት በማይነካው ሥፍራ፣ ለ7 ቀን ይቀመጥ።

ጠርሙሱ ተነፍቶ ከደነደነ ጠጁ አልጨረሰም። እንደ ተጨማደደ ከቆየና ሲለካም ቁጥሩ ካልወረደ ጠጁ በሙቀት ውስጥም ቢሆን አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው።

ይህ ፈተና የተፈለገበት ምክንያት አለ። በደብረ ብርሃን ብርድ የተጣለ ጠጅ ሁለት ሳምንት ጸጥ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ያው ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎ በመኪና ወደ መተሐራ ቆላ ሲወርድ እርሾው ይነቃል። ጸጥታው የብርድ እንጂ የመጨረስ አልነበረም። የምስክር ጠርሙስ ይህንን ጉዞ አስቀድሞ በማኅበሩ ግቢ ውስጥ ያሳየናል።

6. የአያያዝ ምሳሌ

አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ሲበረዝ የመነሻ ቁጥሩ 1.100 ገደማ ይሆናል። የአንድ በርሜል መዝገብ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፤

1ኛ ቀን — 1.100፤ ጣፋጭ ብርዝ
7ኛ ቀን — 1.064፤ ብዙ አረፋ
14ኛ ቀን — 1.038፤ አረፋው ወርዷል
18ኛ ቀን — 1.033፤ ጠርቷል፣ ጣዕሙ ጥሩ ነው
21ኛ ቀን — 1.031፤ ድምፅ የለም
24ኛ ቀን — 1.031
27ኛ ቀን — 1.031

ባለሙያዋ በ18ኛው ቀን «ደርሷል» ብትል አልተሳሳተችም፤ ጠጁ ለብርሌ ደርሷል። በዚያ ቀን ታሽጎ ቢሆን ግን እስከ 21ኛው ቀን በወረዱት ሁለት ነጥቦች ብቻ አንድ ሊትር ጋዝ በየሊትሩ ይጨመርበት ነበር። ሦስት ልኬቶች በየሦስት ቀኑ ተወስደው አንድ ዓይነት ሲሆኑ (እዚህ በ21ኛው፣ በ24ኛውና በ27ኛው ቀን) መብላላቱ ቆሟል እንላለን።

7. ጨርሷል ወይስ ቆሟል?

በዚህ ምሳሌ ጠጁ ቆመ እንጂ ስኳሩ አላለቀም። 1.031 የሚያሳይ ጠጅ በየሊትሩ ከ100 ግራም ያላነሰ ስኳር ሊኖረው ይችላል። እርሾው ያቆመው ምግቡ አልቆበት ሳይሆን አልኮሉ ስለበዛበት፣ ብርድ ስለያዘው፣ ወይም ማር ለእርሾ የሚያስፈልጉ ሌሎች ምግቦች ስለሚያንሱት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውሳኔው እንደሚከተለው ይሁን።

ሀ) ቁጥሩ 1.000 ወይም ከዚያ በታች ወርዶ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነና የምስክር ጠርሙሱ ካልተነፋ፤ ሊብላላ የሚችለው ስኳር ከሞላ ጎደል አልቋል። ጠጁ ከአምቡላው ተለይቶ በደኅና ጠርሙስ ሊታሸግ ይችላል።

ለ) ቁጥሩ ከ1.000 በላይ ሆኖ ካልቆመ፣ ወይም የምስክር ጠርሙሱ ከተነፋ፤ አይታሸግ። በርሜሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ወዳለው ክፍል ይዛወር፤ ልኬቱ ይቀጥል።

ሐ) ቁጥሩ ከ1.000 በላይ ቆሞ የምስክር ጠርሙሱም ካልተነፋ፤ ይህ ጣፋጭ ጠጅ ነው። ደንበኞችም ብዙውን ጊዜ የሚወዱት እርሱን ነው። ሆኖም ስኳርና እርሾ አብረው ስላሉ ጥሬውን በቆርኪ ማሸግ አይገባም። ወይ በጋንና በበርሜል ሆኖ በአቅራቢያ ይሸጥ፤ ወይ ቀጥሎ በተገለጸው መንገድ በሙቀት ይርጋ።

በተለይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው መብላላቱን የጨረሰ ጠጅ እንዲጣፍጥ ተብሎ ማር ወይም ብርዝ ሲጨመርበት ነው። የተጨመረው ማር ለእርሾው አዲስ ምግብ ነው። እንዲህ ያለ ጠጅ በዚያው ቀን የተጣለ ያህል ይቆጠር፤ ከ«ሀ» ወደ «ለ» ተመልሷል።

8. ጣፋጭ ጠጅን በሙቀት ማርጋት

- ጠጁ በደንብ ጠርቶ ከአምቡላው በቱቦ ይለይ፤ ጋዙም ይውጣ። ጋዝ ያለበት ጠጅ ሲሞቅ ገንፍሎ ይፈስሳል።
- ጠርሙሶቹ ሦስት ጣት ጎድለው ይሞሉ። ቆርኪው ከላይ ይቀመጥ እንጂ አይታሸግ።
- በትልቅ ድስት ሥር ጨርቅ ተነጥፎ ጠርሙሶቹ ይደርደሩ። ለብ ያለ ውሃ እስከ አንገታቸው ይሞላ።
- በአንደኛው ጠርሙስ ውስጥ ቴርሞሜትር ገብቶ በዝግታ ይሙቅ። የጠጁ ሙቀት 65 ዲግሪ ሲደርስ እሳቱ ቀንሶ 20 ደቂቃ ይቆይ። ከ70 ዲግሪ አይለፍ፤ የማሩ መዓዛ ይጠፋል።
- ጠርሙሶቹ በጓንት እየወጡ ወዲያው ይታሸጉ። በቀዝቃዛ ውሃ አይነከሩ፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

የታሸገ ጠርሙስን ማሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

9. ጥንቃቄ

- የተሰነጠቀ፣ አፉ የተሸረፈ ወይም ቀጭን ጠርሙስ ጥቅም ላይ አይዋል።
- ከእያንዳንዱ ምርት ሁለት ጠርሙስ በሳጥን ተከድነው በሙቅ ቦታ ለሁለት ሳምንት ይቆዩ። እነርሱ ደኅና ሳይሆኑ ሌላው ከመጋዘን አይውጣ።
- በመጋዘን ውስጥ አንድ ጠርሙስ ከፈነዳ የዚያ ምርት ጠርሙሶች በሙሉ እንደ አደገኛ ይቆጠሩ። በእጅ አይነሡ፣ አይነቅነቁ። ዓይንና እጅ ተሸፍኖ በእርጥብ ወፍራም ጆንያ ይከደኑ። ክፍሉ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ጠዋት በጆንያ ውስጥ እንዳሉ ቆርኪያቸው አንድ በአንድ ይከፈት።
- ብዙ በርሜል የሚብላላበት ክፍል መስኮቱ ክፍት ይሁን። ጋዙ ወደ ወለል ስለሚወርድ ሕፃናት በዚያ አይተኙ።
- አረፋው ከወረደ በኋላ የበርሜሉ አፍ ክፍት አይተው። አየር ያገኘ ጠጅ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል። አንድ ጫፉ በክዳኑ የገባ፣ ሌላው ጫፉ በውሃ ዕቃ ውስጥ የተነከረ የጎማ ቱቦ ጋዙን ያስወጣል፤ አየር ግን አያስገባም። ይህ ከተደረገ ሦስቱን ልኬቶች ጠብቆ መቆየቱ ጠጁን አይጎዳውም።

10. ስለ ጠላ

አንዳንድ ማኅበራት ጠላም በጠርሙስ ማሸግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ። ጠላ የሚጠመቀው ከእህልና ከብቅል ነው። ብቅሉ በድፍድፉ ውስጥ የቀረውን የእህል ዱቄት ቀስ በቀስ ወደ ስኳር መለወጡን ስለሚቀጥል ለእርሾው ምግብ አይጠፋም። ስለዚህ ጥሬ ጠላ በቆርኪ ባይታሸግ ይመረጣል።

ማጠቃለያ

የኤክስቴንሽን ሠራተኛው በየማኅበሩ አንድ ሃይድሮሜትር ወይም አንድ ትክክለኛ ሚዛን፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ መዝገብ መኖራቸውን ያረጋግጥ። ልኬቱን ለማስተማር ሲሄድ ባለሙያዋን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ እርሷ «ደረሰ» ያለችበት ቀንም ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መዝገቡ በዚያ አካባቢ ለመጠጥ በመድረስና መብላላትን በመጨረስ መካከል ስንት ቀን እንዳለ ለማኅበሩ ራሱ ይነግረዋል።

ገበያ እንዳያመልጥ ተብሎ ጠጁ በአንድ ሳምንት ቀድሞ ቢታሸግ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። የሚጠፋው ግን የዓመት ማርና የሰው ዓይን ሊሆን ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈነዳ ጠርሙስ ግን የሚለቀም እንኳ አይተርፈውም። ስለዚህ ሦስት ልኬት፣ አንድ የምስክር ጠርሙስና የሁለት ሳምንት ትዕግሥት ሳይሟሉ ቆርኪ አይመታ።